የምንሽሯ ከንፈር

የጭነት መኪና ሾፌሩ ኤልያስ ሞቶ የተገኘው ቅዳሜ፣ ገበያው ሊበተን ሲል ነው። ከሐመሯ የገበያ ከተማ ከዲመካ ወጣ ብሎ ባለው ደረቅ ወንዝ ውስጥ፣ ካቆመው አይሱዙ የኋላ ጎማ አጠገብ፣ አሸዋው ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ነበር። ጥይቷ በጀርባው ገብታ በደረቱ ወጥታለች። ተኳሹ የቆመበት ግራር ስር አንድ ቀለህ ወድቋል፤ የክላሽ ሳይሆን የምንሽር፣ ረዘም ያለ።

ዘመኑ 1998 ነው። እኔ ከጂንካ የደረስኩት በማግስቱ ጠዋት ሲሆን ነገሩ አልቆ ነው የጠበቀኝ። ገዳዩ ተይዟል፣ ጠመንጃው ተይዟል፣ ምክንያቱም ታውቋል። የጣቢያው አዛዥ ኮማንደር ፍሥሐ በሩ ላይ ቆመው ሲቀበሉኝ ፊታቸው በርቶ ነበር።

"እንኳን ደህና መጣሽ አረጋሽ። ለመፈረም ብቻ ነው የደከምሽው" አሉኝ።

ስለ ራሴ አንድ ነገር ልናገር፤ ሌላ ሰው አይናገርልኝም። ኢንስፔክተር ከመሆኔ በፊት የመሣሪያ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። በደቡብ ኦሞ እኔ ያልወለወልኩት ዓይነት አፈሙዝ ካለ ገና ከፋብሪካ አልወጣም ማለት ነው። ወንዶቹ "ጠመንጃ አጣቢዋ" ይሉኝ ነበር፤ መስደባቸው ነው። እኔ ግን ስሙን ወድጄው ቀጥ ብዬ ነበር የምሄደው። ይህን ስል ጉራ ይመስላል፤ ጉራም ነው።

"ተጠርጣሪው ማነው?" አልኳቸው።

"ጅሩ የሚባል የሐመር ሽማግሌ። ትናንት ጠዋት ገበያ መሀል ኤልያስን ይዞ 'ከብቶቼን በመኪናህ ጭነህ ወሰድክ' ብሎ ጮኾበታል፤ አገር ነው የሰማው። ከሰዓት ኤልያስ ሞተ። ማታ ጅሩን ወደ መንደሩ ሲሄድ መንገድ ላይ ያዝነው፤ ምንሽሯ ትከሻው ላይ ነበረች።"

"ተተኩሶባታል?"

"ያው ነው እንግዲህ። አፈሙዟ ተወልውሎ፣ ቅቤ ተቀብቶ ያበራል። ጥፋት የሌለበት ሰው በገበያ ቀን ለምን ጠመንጃ ይወለውላል?"

ጥያቄው ጥሩ ነበር። እኔም እሱኑ ይዤ ወደ ውስጥ ገባሁ።

*

ምንሽሯን ያመጣልኝ ሣጅን ጸጋአብ ነው። ከወልቂጤ ተመድቦ የመጣ፣ የሁለት ልጆች አባት፣ ሥራውን የሚወድ ሰው ነው። ችግሩ ክላሽ እንጂ ሌላ ጠመንጃ ነክቶ አያውቅም።

"ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣትና በሩን ክፈተው፤ ብርሃን እፈልጋለሁ" አልኩት።

የኋላ መቀርቀሪያዋን ስቤ አወጣሁና በጀርባዋ በኩል ወደ በሩ ብርሃን አቅንቼ አየሁ። ውስጧ ተጠምዘው የሚሄዱት መስመሮች ጠርዛቸው አልተበላም፤ ዝገት የሚባል ነገር የለም። ይህች ጠመንጃ የአባቴን ዕድሜ ታህላለች፤ ውስጧ ግን ትናንት የተሠራች ነው የሚመስለው። ሰው እንዲህ አድርጎ መሣሪያ ሲይዝ ሳይ ደስ ይለኛል፤ ገዳይም ቢሆን።

ከዚያ አዞርኳትና ጥይት የሚወጣበትን ጫፍ አየሁ። ደስታዬ እዚያው ጠፋ።

"ጸጋአብ፣ ና እይ። ይሄ ምንድን ነው?"

"ጭረት ነው።" ጎንበስ ብሎ ደግሞ አየ። "ያበራል። አዲስ ነው።"

"ክላሽ ስትወለውል ዘንጉን በየት ታስገባለህ?"

"በአፉ ነዋ። ኋላው ዝግ ነው፣ አያስገባም።"

"ለዚህ ነው የአፉን ጠርዝ የምትጠብቅ ክዳን አብራ የምትሰጥህ። ምንሽር ግን ኋላዋ ይከፈታል። የሚያውቅ ሰው መቀርቀሪያዋን አውጥቶ በጀርባዋ ነው የሚወለውላት፣ ያውም በለስላሳ ነገር። ጥይት ስትወጣ መጨረሻ የምትነካው ይህን ከንፈር ነው። ከንፈሩ በአንድ ጎን ከተበላ ጥይቷ ወደፈለገችበት ትሄዳለች። ታዲያ ይህ ሰው ስንት ዘመን ውስጧን እንደ ዓይኑ ጠብቆ፣ ትናንት ብቻ በአፏ ብረት ከተተ?"

"ሰው ገድሎ ቸኩሎ ይሆናላ።"

"ይሆናል" አልኩ። መልሱ መጥፎ አልነበረም።

ነጭ ጨርቅ በገመድ አስሬ ከኋላ ወደ ፊት ሳብኩ። ጨርቁ መሀሉ በባሩድ ጠቁሮ፣ ዙሪያው ግን ቢጫ ሆኖ ወጣ። ወደ አፍንጫዬ አስጠጋሁት። ደግሜ አሸተትኩት። ሳቄ መጣ።

እኔ የአሪ አገር፣ የገዘር ልጅ ነኝ። እናቴ ጓሮ፣ እንሰቱ ጥላ ስር፣ ኮረሪማ ሞልቶ ነበር። ያደግኩት እሱን ስለቅምና ስፈለፍል ነው፤ እጄ ትምህርት ቤት ድረስ ይሸት ነበር። ኮረሪማን ተኝቼም አውቀዋለሁ።

ኮማንደሩን ጠራኋቸው። "ይህ ቅቤ የተነጠረ ነው። ኮረሪማ አለበት፤ ቢጫው ደግሞ እርድ ነው።"

"ቅቤ ቅቤ ነው፣ አረጋሽ።"

"አይደለም ኮማንደር። የሐመር ቅቤ ከቅሉ እንደወጣ ነው፤ ጭስ ጭስ ይላል፣ ኮምጠጥ ይላል። ጅሩ ቤት ኮረሪማ የገባበት ቅቤ ካገኙ ማዕረጌን ፈትቼ እሰጥዎታለሁ። ይሄ የከተማ ማጀት ቅቤ ነው።"

ጨርቁን ተቀብለው አሸተቱ። ጨርቁን መልሰው ሰጡኝ። "ነገ ጠዋት ሰውዬውን ከነማስረጃው ወደ ጂንካ እልከዋለሁ። እስከዚያ የምታሸቺውን አሽቺ።"

*

ጅሩ ማረፊያ ክፍል ውስጥ፣ ከእጁ በማይለያት ትንሽ የእንጨት በርጩማ ላይ ተቀምጧል። ስገባ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ።

"አንተ ነህ ትልቁ ፖሊስ?"

"አንቺ ነው የሚባለው። ሴት ነኝ።"

"እሺ። አንተ ጠይቅ።"

አማርኛ የተማረው ገበያ ላይ ነው፤ ለእሱ ሰው ሁሉ "አንተ" ነው። ተውኩት።

"ኤልያስን ገድለሃል?"

"ብገድል እናገራለሁ። እኔ ገድዬ የምደበቅ ሰው ነኝ?"

"ገበያ ስትገባ ጠመንጃህን የት አስቀመጥክ?"

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዲመካ ገበያ ውስጥ መሣሪያ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ከመንደር የሚመጣ ሰው ጠመንጃውን ከተማ ባለው ቤሉ ቤት አኑሮ ነው የሚገባው። ቤል ከወዳጅ በላይ ነው፤ ከብት ተሰጣጥተው፣ ቤቴ ቤትህ ተባብለው የተሳሰሩ ሰዎች ናቸው። ቤሉን ለመንግሥት አሳልፎ የሰጠ ሰው መንደሩ ቢመለስም ሰው ሆኖ አይመለስም።

"የት እንዳኖርኳት አልናገርም" አለ ጅሩ። "ቀን ጠጣሁ፣ ዛፍ ስር ተኛሁ። ማታ ሄጄ ተቀበልኳት፣ ወደ ቤቴ መንገድ ጀመርኩ። ሌላ የለም።"

"ስትተኛ ያየህ ሰው አለ?"

"የተኛ ሰው ማን እንዳየው በምን ያውቃል?"

ይህን ማስተባበል አልቻልኩም። ጸጋአብን ባዶዋን ምንሽር እንዲያመጣ አዘዝኩት።

"እሺ ሌላ ልጠይቅህ። እንዴት ነው የምትወለውላት?"

ስለ ልጁ የጠየቅኩት ይመስል ደስ አለው። ቀና አለ፤ ከወገቡ ቀጭን የፍየል ቆዳ ጠፍር ፈትቶ ዘረጋልኝ። "ይሄ ነው። በኋላ ይገባል፣ በፊት ይወጣል። ቅቤ ትንሽ፣ ጥሬውን። ብረት አይነካትም። አባቴ ሲሰጠኝ 'ብረት በአፏ ካስገባህ ልጄ አይደለህም' አለኝ። እኔ ልጁ ነኝ።"

ምንሽሯን ሰጠሁት። ሰደፏን ጭኑ ላይ አድርጎ በአውራ ጣቱ ከንፈሯን ዳሰሰ። ጣቱ አንድ ቦታ ሲደርስ ቆመ። ጭረቱን በጥፍሩ ፈተሸው።

"ይሄን ማን አደረገ?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቅህ።"

አፈሙዟን ወደ አፍንጫው አስጠጋ። ትናንት ማታ ቅቤ ቅቤ ሸቶት አልፎት ሊሆን ይችላል፤ መጠጥም ነበረው። አሁን ግን ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ጠመንጃዋ ማን ዘንድ እንደዋለች የሚያውቀው እሱ ነው፤ ስለዚህ ማን እንደተኮሰባት ከእኔ ቀድሞ አወቀ።

"አወቅህ" አልኩት።

"አወቅሁ።"

"ንገረኝ። ነገ ጂንካ መሄድህ ቀርቶ ቤትህ ትገባለህ።"

ምንሽሯን በሁለት እጁ መለሰልኝ። "እሱ ቤልነቱን ጣለ። እኔ አልጥልም። አንተ ፖሊስ ነህ፣ ፈልግ።"

ተናድጄ ነው የወጣሁት። አንድ ስም ቢናገር እዚያ አያድርም ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፣ ኮሪደሩን ሳልጨርስ ኮራሁበትም። ይህን ሰው ለማንም አሳልፌ አልሰጥም አልኩ በልቤ።

*

ጅሩ ከተማ ውስጥ ሦስት ቤል አለው፤ ይህን ጸጋአብም ያውቃል፣ ዲመካም ያውቃል። ባለሱቁ ፋንታሁን አንዱ ነው። የትምህርት ቤት ዘበኛው ጥላሁን ሁለተኛው። ሦስተኛዋ ምግብ ቤት ያላት አበዛሽ ናት፤ የሟች ባሏ ቤልነት ለቤቱ ተርፏል። ከሦስቱ በአንዱ ቤት ጠመንጃዋ ውላለች፤ በየትኛው እንደሆነ በገበያ ቀን ግርግር ያየ የለም።

መጀመሪያ ፋንታሁን ሱቅ ገባን። የኤልያስን ሬሳ ከአሸዋው ካነሱት አንዱ እሱ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል። ወንበር ጠርጎ አስቀመጠኝ። ሱቁ ጥግ ላይ ኮረሪማ በጆንያ፣ በርበሬ በጆንያ፣ ስኳር በጆንያ ተደርድሯል።

"ጅሩ ወዳጄ ነው፣ ኢንስፔክተር። እውነቱን ለመናገር ግን ቁጡ ነው" አለ። "ትናንት እኔ ጋ አላኖረም። ጠዋት በሩቅ ሰላም ብሎኝ አለፈ።"

"አንተ ከሰዓት የት ነበርክ?"

"እዚሁ ሱቄ ውስጥ። ባለቤቴን ይጠይቋት።"

ባለቤቱ ኤፍራታ ከቤተ ክርስቲያን መመለሷ ነበር። ከመደርደሪያው ጀርባ ሆና "እዚሁ ነው የዋለው" አለች።

"ጅሩ ጠመንጃውን ግን ጥሩ አድርጎ ይይዛታል" አልኩት።

"የእሷንማ ነገር ተዉት። ቅቤውን ቀብቶ፣ ዘንጉን ይዞ ሲያሻት ነው የሚውለው።"

አመስግነነው ወጣን። ጸጋአብ መንገድ ላይ "መልካም ሰው ነው" አለኝ። እኔም ያኔ ክፉ ነው አላልኩም።

*

ጋሽ ጥላሁን ላይ ግን ዓይኔን ጥዬ ነበር። ምክንያቱም እሱም የጥበቃ ምንሽር አለው፤ ቀለሁ ከእሱም ሊሆን ይችላል። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጥላ ስር ተቀምጦ አገኘነው።

"ጋሽ ጥላሁን፣ መሣሪያዎን ያሳዩኝ።"

"ለምን? ሥራ ላይ ነኝ።"

"እኔም ሥራ ላይ ነኝ።"

መቀርቀሪያዋ አልወጣ ብሎ ከጸጋአብ ጋር ታገልን። ሲወጣ ወደ ብርሃን አቀናሁ። ምንም አይታይም። ቀጭን እንጨት አስገብቼ ስገፋ ደረቅ ጭቃ ተፈረፈረ፤ ተርብ ቤቱን ሠርቶበታል።

"ጋሽ ጥላሁን፣ ይህችን ቢተኩሱ የሚሞቱት እርስዎ ነዎት።"

"ታዲያ ለዚህ አይደል የማልተኩሳት።"

ጸጋአብ ፊቱን አዞረ፣ ሳቁን ሊውጥ። እኔ ግን አልሳቅኩም፤ የመንግሥት መሣሪያ እንዲህ ሲበሰብስ ሳይ ያመኛል። በደንብ ተቆጣሁት፣ እሱም ጭንቅላቱን ነቅንቆ ሰማኝ። ቅዳሜ ከሰዓት የወላጆች ስብሰባ ስለነበረ ከበሩ አልተነሳም፤ ርዕሰ መምህሩን ጠይቀን አረጋገጥን። ቅቤ አለው ወይ ብዬም ክፍሉን አየሁ። ጉልቻ እንኳ የለውም፤ ምሳና እራቱን አበዛሽ ጋ ነው የሚበላው።

"እንግዲያው አበዛሽ ናት" አለ ጸጋአብ። "ማጀት፣ ኮረሪማ፣ ቅቤ። በሯ ላይ 'ሽሮ በቅቤ' ተብሎ በቀይ ቀለም ተጽፏል።"

*

እትዬ አበዛሽ እንደ እኔ የአሪ ሰው ናት፤ በእናቶቻችንም እንተዋወቃለን። ስገባ "አንቺ የገዘር ልጅ፣ ብለሽ ብለሽ እኔን ልትመረምሪ መጣሽ?" አለችኝ።

"የቅቤ ዕቃሽን አሳይኝ።"

"የምን የቅቤ ዕቃ?"

"ሽሮሽ የሚሠራበትን።"

እጆቿን በመቀነቷ ጠረገች። ሾፌሮች የተቀመጡበትን በረንዳ አየች፣ እኔን አየች። ወደ ማጀት ጎትታ አስገብታኝ በሩን ገጠም አደረገች።

"ለማንም አትናገሪ" አለች በሹክሹክታ። "ቅቤ የለም። ከበጋው መግቢያ ጀምሮ የለም። ዘይት ነው። ዘይቱ ላይ ኮሰረት ጣል አደርጋለሁ፣ ሰዉም 'ቅቤሽ ግሩም ነው' እያለ ይበላል።"

"እኔም ባለፈው ግሩም ነው ብያለሁ።"

"ብለሻል። ሁለተኛ አስጨምረሽ ነው የሄድሽው።"

ማጀቱን በየዕቃው ከፈትኩት። የቅቤ ጠብታ የለም፤ እርድም የለም። ሴትየዋ ከነፍስ ግድያ ለመዳን የሽሮዋን ስም አሳልፋ ሰጠችኝ፤ ምን ያህል እንደከበዳት አውቃለሁ።

"ኤልያስ ቅዳሜ እዚህ በልቷል?" አልኳት።

"መቼ በላ። ጅሩ ገበያ መሀል ሌባ ካለው በኋላ ምግቡን ሳይነካ ነው የተነሳው። 'እኔ ሰው የሰጠኝን ነው የጫንኩት፤ ማን እንደሰጠኝ ፀሐይ ሳትጠልቅ ለሽማግሌው እነግረዋለሁ' ብሎ ፎከረ።"

"ማን ሰማው?"

"በረንዳው ሁሉ። ሾፌሮቹ፣ ጥላሁን፣ ለስላሳ ሊያደርስ የመጣው ፋንታሁን።"

ወደ በረንዳው ወጥቼ ቆምኩ። የጠዋቱ ነገር ተመለሰልኝ፤ "ዘንጉን ይዞ ሲያሻት ነው የሚውለው።" ጅሩ በሕይወቱ ዘንግ ነክቶ አያውቅም። ያን የሚል ሰው ጅሩ ሲወለውል አይቶ የማያውቅ ነው፤ ቅቤውን በወሬ ሰምቶ፣ ዘንጉን ከራሱ የጨመረ ነው።

"ጸጋአብ፣ ፋንታሁን በፊት ምን ነበር?"

"ሚሊሻ ነበር። አሁንም ክላሽ አለው፣ ፈቃድ ያለው።"

"ና እንሂድ።"

*

ፋንታሁን ሱቅ ውስጥ ደንበኛ ያስተናግዳል። እኔ ጸጋአብን እዚያ ትቼ በጓሮ በር ወደ ማጀቱ ዞርኩ። ኤፍራታ ሽንኩርት ትከትፋለች።

"ማጀትሽ እንዴት ደስ ይላል፤ ሽታው ከሩቅ ይጠራል" አልኳት። ውሸት አልነበረም።

ፈገግ አለች። "ቅቤዬ ነው። ኮረሪማውን ከገዘር ነው የማስመጣው፣ እርዱን ከጂንካ። አባቴ ቤት እንዲህ ነው የሚነጠረው።"

"እስቲ አቅምሽኝ።"

"ውይ፣ አሳፈርሽኝ። ትናንት ማታ ስከፍተው ጥቁር ነገር ገብቶበታል፤ ጥላሸት ይሁን ምን። ማን እንደነካካብኝ አላውቅም። ከላይ ከላዩን ገፍፌ ደፋሁት፤ ተናድጄ እራቴንም አልበላሁ።"

"ትናንት ከሰዓት አንቺ የት ነበርሽ?"

"የመዘምራን ልምምድ ነበረን።"

"ታዲያ ባልሽ ሱቅ ውስጥ መዋሉን በምን አወቅሽ?"

ቢላዋዋን አስቀመጠች። "እሱ ነገረኝ" አለች። ከዚያ ፊቴን አየችና ዓይኗን ወደ ሱቁ አዞረች።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ። ደንበኛው ወጥቷል።

"ፋንታሁን፣ የሦስቱንም ቤት መሣሪያ እያየሁ ነው። ያንተን አምጣ።"

ሳያቅማማ አመጣ። ጥሩ የተያዘ ክላሽ ነው፤ ደስ ብሎኝ አገላበጥኩት። "ጎበዝ፣ ዝገት የለም። በምን ነው የምትወለውለው?"

"በሞተር ዘይት ነው። ሚሊሻ ሳለን የለመድነው።"

ነጭ ጨርቅ አስገብቼ አወጣሁ። የሞተር ዘይት ነው፤ ጥቁር፣ ሌላ ሽታ የለውም። ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ዘረጋሁት። ከዚያ ከአፈሙዙ ስር የተሸጎጠውን መወልወያ ዘንግ መዝዤ አወጣሁ። በደንብ ተጠርጓል፤ ብረቱ ንጹህ ነው። ግን ጫፉ ላይ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ጥርስ አለው። እኔ ስንቱን ዘንግ ያጠብኩ ሴት ነኝ፤ ቆሻሻ የሚቀረው እዚያ ጥርስ ውስጥ መሆኑን አውቃለሁ። በመርፌ ጫርኩት። ቢጫ ነገር ወጣ።

አሸተትኩት። ጸጋአብንም አስሸተትኩት።

"ፋንታሁን" አልኩ፣ "ዘንግህ ዶሮ ወጥ ዶሮ ወጥ ይሸታል።"

ዘንጉን ሊወስድ እጁን ዘረጋ፤ አላቀበልኩትም።

"አፈሙዝህ ውስጥ ያለው የሞተር ዘይት ነው፤ ቅቤ አልገባበትም። ዘንግህ ግን ቅቤ ነክቷል። ታዲያ በማን ጠመንጃ አፍ ነው የገባው?"

"ቅቤ... ቅቤ ከየትም ሊነካው ይችላል።"

"ጅሩ ገበያ ሲገባ ምንሽሩን እዚህ አኖረ። ጠጥቶ መተኛቱን አየህ፣ ሚስትህ ልምምድ ሄደች። ኤልያስ መኪናው ጋ ነበር። ተኮስክበት፣ ተመለስክ። ባሩድ እንደሸተተች ብትመልስለት ጅሩ ያውቅብሃል፤ ዘይት ብትቀባትም ያውቅብሃል። 'ቅቤ ነው የሚቀባት' ሲባል ሰምተሃል። ገብተህ ከማጀት አመጣህ። በክላሽ ልማድህ በአፏ ከተትክባት። ቅቤውም ቅቤ መሰለህ።"

ጸጋአብ በሩ ላይ ቆሟል። ፋንታሁን የኮረሪማው ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

"እናገራለሁ አለኝ" አለ። "ኤልያስን ለመንኩት። የጅሩን ከብቶች ለከብት ሌቦች አሳልፌ፣ በመኪናው ያስጫንኳቸው እኔ መሆኔን ለሽማግሌው እነግረዋለሁ አለኝ። ጅሩ ቤሌ ነው። በዚያ ዓይኑ እንዲያየኝ አልፈለግሁም።"

"ስለዚህ በእሱ ጠመንጃ ሰው ገድለህ እሱን ልታሳስር?"

ራሱን በእጆቹ ያዘ። ከማጀት በኩል የኤፍራታ ለቅሶ ይሰማል። ስለ ገዳይ አላዘንኩም፤ ስለ እሷ ግን አዘንኩ፣ ስለ ኤልያስም፤ ስሙን ሊያጠራ ብሎ የሞተ ሰው ነው።

*

ኮማንደር ፍሥሐ ዘንጉንና ሁለቱን ጨርቆች ጠረጴዛቸው ላይ ሳስቀምጥላቸው አንድ በአንድ አሸተቱ። "ለካ ቅቤ ቅቤ አይደለም" አሉ። ከሳቸው ይህን መስማቴን እንደ ሹመት ነው የቆጠርኩት፤ ለማን እንዳልነገርኩ ብትጠይቁኝ ይቀላል።

ጅሩን ራሴ ከፈትኩለት።

"ውጣ። ነጻ ነህ።"

አልተነሳም። "ማን ነገረህ?"

"ማንም አልነገረኝም።"

"እኔ አልተናገርኩም?"

"አልተናገርክም።"

"ሰው ሁሉ ጅሩ ቤሉን ሰጠ ይላል።"

"እኔ የተናገረችው ምንሽርህ ናት እላለሁ። በከንፈሯ ነው የነገረችኝ። የጠየቀኝን ሁሉ እንዲህ ነው የምለው፤ ብያለሁም።"

ያን ጊዜ ተነሳ። የፍየል ጠፍሩን ወገቡ ላይ አሰረ፣ በርጩማውን አነሳ። ጣቢያው በር ላይ ዘመዶቹ ተሰብስበው ይጠብቃሉ። በመካከላቸው ቀና ብሎ አለፈ፤ ማንም ዓይኑን ከእሱ አልሰበረም።

ምንሽሯ ማስረጃ ስለሆነች ፍርዱ እስኪያልቅ እኔ ዘንድ ቆየች። ሲያልቅ ከንፈሯን ራሴ አስተካከልኩላት፤ ክብ ራስ ያላት የነሐስ ብሎንና ጋራዥ ቫልቭ የሚያለሰልሱበት አሸዋማ ቅባት ይዤ፣ ቀስ እያልኩ፣ እያዞርኩ፣ ጭረቱ እስኪጠፋ። ጸጋአብ አጠገቤ ቆሞ ይማር ነበር። ጅሩ ሊወስዳት ሲመጣ በአውራ ጣቱ ዙሪያዋን ዳሰሳት። ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ዳሰሳት። ትከሻው ላይ አንግቷት ሄደ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ለሌላ ሥራ ዲመካ ነበርኩ። ጣቢያው በረንዳ ላይ ተቀምጬ ጅሩ በገበያው መንገድ ሲመጣ አየሁት። አበዛሽን አልፎ፣ የጥላሁንን በር አልፎ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እኔ መጣ። ምንሽሯን ከትከሻው አውርዶ ግድግዳው ላይ፣ ወንበሬ አጠገብ አስደገፋት። የፍየል ጠፍሩንም ፈትቶ ሰደፏ ላይ ጣለልኝ።

"ማታ እወስዳለሁ" አለ።

 የማደርገው ቢጠፋኝ ቀለድኩ። "ጅሩ፣ ሴት ቤል ትሆናለች እንዴ?"

ወደ ገበያው ፊቱን አዙሮ፣ ባዶ እጁን እያወዛወዘ፣ ሳይቆም መለሰልኝ።

"አንተ ትሆናለህ።"